ቦሌ ስትደርስ ዝም የምትል መኪና

ከመተሐራ አዲስ አበባ ሩቅ አይደለም። ቢሆንም በኛ ሰፈር ቦሌን ረግጦ የማያውቅ ሰው ሞልቷል። ከተመለስኩ ጀምሮ የልብስ ስፌት ቤቴን በር ይዘው «እንዴት ነበር?» ይሉኛል። ለአንዱ ነግሬ ሳልጨርስ ሌላው ይመጣና ከመጀመሪያው ጀምሪልኝ ይላል። ምላሴ ስለደከመ ጻፍኩት። ስለ ፎቆቹ ልሰማ ብሎ የሚያነብ ካለ ከወዲሁ ተስፋውን ይቁረጥ። እኔ የሄድኩት ፎቅ ለማየት ሳይሆን ወንድሜን ለመሰለል ነው።

ወንድሜ ደረጀ ይባላል። ታናሼ ነው፤ እናታችን ስትሞት ልጅ ስለነበር እኔ ነኝ ያሳደግኩት። አሁን አውሮፕላን ማረፊያው ጭነት ክፍል ይሠራል፣ ከሚስቱ ከሌንሴ ጋር ቦሌ ቡልቡላ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ይኖራል። ያለኝ ወንድም እሱ ብቻ ነው። አሮጌ ኮሮላውን የሸጠልኝም እሱ ነው። የተማሪ ዩኒፎርም ሰፍቼ ወለንጪቲና አዋሽ ድረስ ስለማደርስ መኪና ያስፈልገኝ ነበር። ቁልፉን የሰጠኝ ቀን «እቴቴ፣ ሞተሩ ያልተነካ ነው» አለኝ። መኪና የገዛ ሰው ይህን ቃል ያውቀዋል። ሞተሩ ተከፍቶ፣ ተፈታትቶ አያውቅም፣ የጋራዥ እጅ አላረፈበትም ማለት ነው። ሻጭ «ያልተነካ» ካለ ምሎ እንደመናገር ይቆጠራል።

የተረካከብነው አዳማ ላይ ነው። ሁልጊዜም የምንገናኘው እዚያው አማካይ ቦታ ነው፤ ምሳ በልተን፣ ተሳስመን እንለያያለን። ደረጀ ለሰርጌ ከመጣ ወዲህ መተሐራ ወርዶ አያውቅም። «ሙቀቱ ያፍነኛል» ይላል። እኔም እሺ ብዬ ለምጄዋለሁ።

መኪናዋን ይዤ ቤቴ በገባሁ ሳምንት ዩኒፎርም ጭኜ የወለንጪቲን ዳገት ስጀምር ነዳጁን ረገጥ ሳደርገው ከሞተሩ ውስጥ ቅጭቅጭ የሚል ድምፅ መጣ። ደረቅ ሽምብራ በጣሳ ውስጥ ሲንቀጫቀጭ እንደሚሰማው ያለ ነው። እግሬን ሳነሳ ይጠፋል፣ ስረግጥ ይመለሳል። የሸንኮራ መኪናዎችን የሚጠግነው የሰፈራችን መካኒክ ሰማውና አንገቱን ነቀነቀ። «ቢየላው ተበልቶ ይሆናል። እሱ ከሆነ ሞተሩ አብቅቶለታል» አለኝ። ቢየላ ማለት ፒስቶኑን ከታች የሚይዘው ብረት ነው። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «የሸጠልሽ ሰው ሳያውቅ አይቀርም» ብሎ ጨመረ።

ይህች «ሳያውቅ አይቀርም» የምትባል ነገር ገብታ አልወጣ አለች። እኔ መቼም በተፈጥሮዬ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት እንደ ጸሎት የምደግም ሴት ነኝ። የደረጀን ስልክ ማንሳት ተውኩ። ባለቤቴ ግርማ «ለምን በቀጥታ አትጠይቂውም?» አለኝ። ብጠይቀው ሊዋሸኝ ይችላል፤ ከዋሸኝ ደግሞ ወንድም የለኝም ማለት ነው። የፈራሁት ይህንን ነው። መኪናዋስ ብትሞት ብረት ናት። ስለዚህ ጨርቅ ልገዛ ነው ብዬ ለመሄድ ወሰንኩ።

ሰኞ ጠዋት ፀሐይዋ ሳትበረታ ተነሳሁ። የምጠረጥረው ሰው ቤት ቢሆንም ባዶ እጅ አይኬድምና አንድ ጆንያ ሽንኩርትና አንድ እቅፍ ሸንኮራ ጫንኩ። በሰቃ ሐይቅን አልፌ ዳገቱን ስጀምር ድምፁ ጀመረ። እስከ ወለንጪቲ አብሮኝ ዘመረ። አዳማ ስደርስ ቀጠነ። በፍጥነት መንገዱ ገብቼ ሞጆን ካለፍኩ በኋላ ጆሮዬን ባቆም የለም። ነዳጁን ረገጥኩ፣ የለም። መስኮቱን ዝቅ አድርጌ ረገጥኩ፣ ነፋሱ ነጠላዬን ከመውሰዱ በቀር የለም። ተደስቼ እንዳይመስላችሁ። ልቤ ይበልጥ ነው የጠረጠረው። ሌባም ቢሆን ባለቤቱ ሲመጣ ዝም ነው የሚለው።

ቡልቡላ ድሮ እርሻ ነበር ይላሉ። አሁን ፎቅ ይበቅልበታል። በኛ አገር ቤት በባለቤቱ ስም ይጠራል፣ እዚያ በቁጥር ነው። በግቢው በር ላይ ጥበቃው መታወቂያዬን ተቀብሎ የኋላ ኮፈኑን አስከፈተኝና ጆንያውን በዱላው ነካ ነካ አደረገው። «ይሄ ሁሉ ሽንኩርት ለማን ነው?» አለኝ።

«ለወንድሜ።»

«ነጋዴ ነው?»

«አይደለም።»

አላመነኝም። ደስ አለኝ፤ አዲስ አበባ ውስጥ የኔ ቢጤ አገኘሁ አልኩ።

ደረጀ እየሮጠ ወርዶ አቀፈኝ። ጆንያውን በትከሻው ተሸክሞ ደረጃውን ሁሉ ወጣ። እሱና ሌንሴ የሚተኙበትን አልጋ ለኔ አንጥፈው እነሱ ሳሎን ፍራሽ ላይ ሊተኙ እንደሆነ ሲነግረኝ ዓይኑን አየሁት። እንግዳ ክቡር ነው፣ እሺ። ግን ሰው በደህና ቀን አልጋውን ይለቃል? ኅሊናው የከበደው ካልሆነ ብዬ አሰብኩ።

ሌንሴ የነቀምት ልጅ ናት፣ ጴንጤ ናት፣ ማዕድ ሳይጸለይ አይነካም። ምስሩን እኔ ሳልገባ የጣደችው ቢሆንም እኔ ገብቼ፣ ታጥቤ፣ ልብስ ቀይሬ፣ ዜናውን ሁሉ አውርቼ ገና ድንጋይ ነበር። «ይቅርታ እቴቴ፣ የቡልቡላ ምስር እንዲህ ነው፤ ያስቸግራል» አለች። እኛ ቤት ሽንኩርቱን ከትፌ ሳልጨርስ ይፈርሳል። ሆን ብላ እያዘገየች መሰለኝ። ለምን እንደምታዘገይ ግን አላወቅኩም። በመጨረሻ ስንቀመጥ እጆቿን ዘርግታ ረጅም ጸሎት ጸለየች። «ጌታ ሆይ፣ የተሰወረውን ሁሉ ወደ ብርሃን አውጣ» ስትል አንድ ዓይኔን ከፍቼ ደረጀን አየሁት። ራሱን በጣም ዝቅ አድርጎ ነበር። ከሚገባው በላይ ዝቅ ያደረገ መሰለኝ።

እየበላን ሳለ «መኪናዋስ?» አለኝ።

«ምን ትሆናለች?»

«ዳገት ላይ ትጎትታለች አይደል?»

እጄን ከትሪው ሰበሰብኩ። ስንት ነገር ሊጠይቅ ሲችል ለምን ዳገት? ጎማ አለ፣ ፍሬን አለ፣ መብራት አለ። ዳገቱን የጠየቀው የሚያውቀው ነገር ቢኖር ነው።

ማክሰኞ ጨርቅ ልገዛ ነው ብዬ ወጣሁና ገርጂ አካባቢ ጋራዥ ፍለጋ ሄድኩ። ቦሌ መድኃኔዓለም ጋ ስደርስ መንገዱ ጠፋብኝ። በኛ ከተማ የጠፋው ሰው አህያ የሚነዳን ያስቆማል፤ እዚያ የሚያልፈው ሁሉ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቷል። አንድ ሚኒባስ መስታወቴን ገጭቶ አጠፈው። ረዳቱ ወርዶ በሁለት እጁ ቀና አደረገልኝና «አይዞሽ እናቴ፣ አልተሰበረም» ብሎ፣ ጋራዥ እንደምፈልግ ስነግረው፣ ገርጂ ድረስ ከኋላችን ተከተዪን አለኝ። ይዘውኝ ሊጠፉ ነው ብዬ ርቀት ጠብቄ ተከተልኳቸው። የጋራዡ በር ላይ አድርሰውኝ፣ በጥሩንባ ተሰናብተውኝ ሄዱ።

የጋራዡ ሰውዬ ድምፁ ከሞተር በላይ የሚጮህ ነበር። አስነሳ፣ አዳመጠ፣ ዳገት ወስዶ ረገጠ። ፀጥ።

«እትዬ፣ ድምፁ የት አለ?»

«መተሐራ።»

«ትተውት መጡ?»

ጋራዡ በሙሉ ሳቀብኝ። ፊቴ እሳት ሆነ። ሰውዬው ግን ኮፈኑን ከፍቶ ሲጎነበስ ሳቁን አቆመ። እሳቱን ለየካንዴላው የሚያከፋፍለው ዕቃ፣ ዲስትሪቢውተር የሚሉት፣ ሥሩ ላይ ቀይ የቀለም ነጥብ ነበረበት። በጣቱ ጠረገው፣ አልለቀቀም። «ይሄንን ሰው ነክቶታል» አለ።

ያልተነካ ብሎኝ ነበር። በዚያው ድምፅ፣ እቴቴ ብሎ፣ ያልተነካ ብሎኝ ነበር። ሰውዬው «ሞተሩን እናውርደውና ውስጡን እንየው፣ ቢየላም ሊሆን ይችላል» ማለት ጀመረ። ድምፁን ሳይሰማ ሊከፍተው የቸኮለውን ሰውዬም ጠረጠርኩት፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደጣለችው እንዳልሆን ቁልፌን ተቀብዬ ወጣሁ። ከመድኃኔዓለም ማዶ አንድ ካፌ ገብቼ ማኪያቶ አዘዝኩ። ሲኒው ትንሽ፣ ወንበሩ ለስላሳ ነበር። ብቻዬን ተቀምጬ አለቀስኩ። አስተናጋጇ ምንም ሳትጠይቀኝ ሶፍት አምጥታ ከሲኒው አጠገብ አስቀመጠችልኝ።

ማታ እራት ስንበላ የሌንሴን እጅ አየሁት። የጥፍሯ ቀለም ቀይ ነው። ያው ቀይ ነው። ሚስቲቱም አለችበት ማለት ነው አልኩ በልቤ። እንጀራዬን ሳልጨርስ እጄን ታጠብኩ፤ እሷ ደግሞ ራሴን ያመመኝ መስሏት ዝንጅብል አፈላችልኝ።

ረቡዕ ደረጀ ከሰዓት ፈረቃ ስለነበር ጠዋት ቤት ነበር። ሌንሴ የጾም ቀኔ መሆኑን አስባ ለኔ ለብቻ በአዲስ ድስት ምስር ጥዳልኛለች፤ እነሱ ረቡዕን አይጾሙም። ያን ጊዜ መቻል አቃተኝ።

«ሌንሴ፣ ይህ የጥፍር ቀለምሽ ሞተር ውስጥ ምን ይሠራል?»

ተንከትክታ ሳቀች። «ውይ፣ አገኙት? ደሬ ነው የወሰደብኝ! ለምልክት ነው ብሎ ግማሹን ጨረሰብኝ እኮ!»

ወደ ደረጀ ዞርኩ። «ያልተነካ አላልከኝም?»

«ሞተሩማ አልተነካም! ታይሚንጉን ነው ያስነካሁት። እሱም ላንቺ ብዬ።»

«ላንቺ ብዬ» ሲል የባሰ ተናደድኩ። ተነስ፣ የነካው ሰው ጋ ውሰደኝ አልኩት። ሐጎስ የሚባል መካኒክ ነው፣ ጋራዡ ሰሚት ነው፣ የደረጀ ጓደኛ ነው። እንዳየን እጁን ጠርጎ ክንዱን አስጨበጠን። ዲስትሪቢውተሩን ማን እንደነካው ስጠይቀው ደረቱን ነፋ።

«እኔ ነኛ! ደሬ መጣና ‹እህቴ ዕቃ ትጭናለች፣ ጉልበት ጨምርላት› አለኝ። ካንዴላው እሳት የሚረጭበትን ሰዓት ትንሽ አስቀደምኩት። ታይሚንግ ማለት እሱ ነው። ትበራለች አይደል?»

«ትጮኻለች።»

«አትጮህም። እኔ ሰርቻት አትጮህም።»

ሦስታችንም ገብተን በአያት በኩል ዳገት ወጣን። ሐጎስ ረገጠ። ፀጥ። ደግሞ ረገጠ። መኪናዋ እንደ ሙሽራ ዓይኗን ሰብራ ወጣችው። ሐጎስ በመስታወቱ አየኝ፣ እኔ ደረጀን አየሁት፣ ደረጀ መሬት መሬቱን አየ። ከዚያ ሳይዞር ጠየቀኝ።

«እቴቴ፣ መኪናዋን ልትመልሺልኝ ነው የመጣሽው? ሰበብ አትፈልጊ። ካልወደድሻት ንገሪኝ፣ እወስዳታለሁ።»

ድምፁ ልጅ ሆኖ ሲከፋው የሚያወጣው ድምፅ ነበር። እኔም ሌላ ማለት አልቻልኩም።

«አታለለኝ ብዬ ነው የመጣሁት። የሞተ ሞተር ሸጠልኝ ብዬ።»

ደረጀ ለሐጎስ ወደ ቡልቡላ እንዲነዳ በእጁ አመለከተው። ሐጎስ መሃላችን መቀመጡ አሳፍሮት ልውረድ ቢልም ደረጀ ምሳ ሳትበላማ አትሄድም ብሎ አስቀረው።

ገብተን እጃችንን ስንታጠብ ሌንሴ ከማድ ቤት ብቅ አለች። «ይቅርታ እቴቴ፣ ምስሩ ገና ነው። ጠዋት የጣድኩት እኮ ነው።»

«እኛ አገር ቢሆን ይህን ጊዜ ፈርሶ ነበር» አልኩ።

ሐጎስ ፎጣውን እንደያዘ ቆመ። «እሳቱ ይለያል?»

«እሳቱ ያው ነው። መምህራችን ድሮ እንደነገረን፣ ከፍ ያለ አገር አየሩ ስስ ስለሆነ ውኃው በደንብ ሳይግል ይፈላል። እኛ ዝቅ ያለ ቦታ ነን፣ አየሩ ወፍራም ነው። ምስር ቶሎ ይበስላል።»

ሐጎስ ግንባሩን መታ። «አየሩ! ወይኔ!»

ፎጣውን ጥሎ ቆሞ ያስረዳን ጀመር። አዲስ አበባ አየሩ ስስ ስለሆነ መኪና ይደክማል። ስለዚህ የከተማው መካኒክ ሁሉ እሳቱን ያስቀድምለታል፤ መኪናውም ደስ ይለዋል፣ አይጮህም። እንዲህ የተስተካከለ መኪና ቆላ ሲወርድ ግን ወፍራም አየር ይውጣል፣ ሙቀቱም ይጨመርበታል። ያን ጊዜ የቀደመው እሳት ከልክ በላይ ቀደመ ማለት ነው። ቤንዚኑ ፒስቶኑ ገና ሳይደርስለት ይፈነዳና ብረቱን ይጎሽመዋል። ቅጭቅጩ እሱ ነው። ቢየላ ሲመታ ድምፁ ወፍራም ነው፣ ይህ ቀጭን ነው።

«ለቦሌ አየር ነው ያስተካከልኳት» አለ። «መተሐራ እንደምትኖር ማን ነገረኝ?» ብሎ ወደ ደረጀ ዞረ። «አንተ ‹ለእህቴ› ነው ያልከኝ፤ እህትህ የት እንዳለች አልነገርከኝም። ራስህስ እዚያ ስትነዳት አልሰማህም?»

ደረጀ የወደቀውን ፎጣ አንስቶ አጣጠፈው። «እኔስ መቼ ወርጄ አውቃለሁ?» አለ።

ይህን ሲል ሌንሴ ድስቱን ይዛ ገባች። ምስሩ እንደጠነከረ በላነው። ወንድሜ አላታለለኝም፤ ደስታዬ ልቤን ሞላው። ግን ከደስታው ሥር ሌላ ነገር ነበር፣ ይህኛውን መካኒክ አያገኘውም። አዳማ ላይ ቁልፍ ከመስጠት ፈንታ አንድ ቀን ይዟት ወርዶ ቢሆን፣ ድምፁን ራሱ ይሰማው ነበር።

ታይሚንጉን እዚሁ መልስልኝ ስለው ሐጎስ እምቢ አለ። «በግምት ማዞር እችላለሁ። ግን የሚስተካከለው በጆሮ ነው፣ ድምፁ ደግሞ እዚህ የለም።» ብሎኑን ማላላት፣ በጣም ትንሽ ወደ ኋላ ማዞር፣ ዳገት ላይ መሞከር፣ ዝም ካለች ማጥበቅ ነው አለ። ቀዩ ነጥብ የነበረበትን ቦታ ያሳያል። «አስተምሬው ደሬ ይሥራው» አለ።

ደረጀ ሥራ ቦታ ደውሎ ፈቃድ ጠየቀ። እኔ አልለመንኩትም።

ሐሙስ ስንወርድ እሱ ነዳ። ሌንሴ ዳቦ ጋግራ፣ ጥፍር ቀለሙንም ጨምራ ሰጥታን ነበር፤ «አዲሱ ምልክት ያስፈልገዋል» ብላ። አዳማ ስንገባ ደረጀ ሳያስበው ሁልጊዜ የምንለያይበት ምግብ ቤት ፊት ለፊት ፍጥነቱን ቀነሰ። ከዚያ አስታወሰና ነዳ። ወለንጪቲን አልፈን አንዲት ትንሽ ዳገት ላይ ረገጥ ሲያደርግ ሽምብራው ተንቀጫቀጨ። እኔ በሕይወቴ በዚያ ድምፅ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

«ይሄ ነው?»

«ይሄ ነው።»

«ይሄን እየሰማሽ ነው ስትሠሪ የከረምሽው?»

ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ጋ አቁሞ ኮፈኑን ከፈተ። ሙቀቱ ላቡን አንቆረቆረው፣ ጣቱን አቃጠለ፣ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተለጠፈ። አንድም ጊዜ ያፍነኛል አላለም። አዞረ፣ ሞከረ፣ ተመለሰ፣ አዞረ። በሰቃ ጋ ስንደርስ መሪውን ይዞ ፈዘዘ። «ይሄ ውኃ እዚህ ድረስ ነበር እንዴ?»

«እያደገ ነው» አልኩት። «አንተ ሳትመጣ አደገ።»

ግርማ በር ላይ ቆሞ ጠበቀን። ጎረቤት ሁሉ «ወንድምሽ ነው? ወንድም አለሽ እንዴ?» እያለ መጣ። ደረጀ እየሳቀ ሰላም ሲላቸው ጆሮው ግን ቀላ። ምሳችን የኛ ምስር ነበር። ሳህኑን ሁለት ጊዜ አስሞላ።

አመሻሽ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ወደ ዳገቱ ወጣን። ጆንያና ጥቅል ጨርቅ ጭነን ነበር። ደረጀ ረገጠ። መኪናዋ ወጣች። ነፋሱና ጎማው ብቻ ይሰማል፤ ከሞተሩ አንዲት ሽምብራ የለችም። ደግሞ ረገጠ። ምንም። ዳገቱ ራስ ላይ አቁሞ አዲሱን ቀይ ነጥብ አደረገበትና ወደኔ ዞረ። ማለዳ አዲስ አበባ የሚሄድ አውቶቡስ እንዳለ ቀድሞ ጠይቆ አውቋል።

«አሁንስ እቴቴ፣ ይሰማሻል?»

ጆሮዬን አዘንብዬ ቆየሁ።

«ትንሽ ይሰማኛል» አልኩ።

ፊቴን በጥርጣሬ አየው። እኔ ቡልቡላ ማዕድ ላይ እሱን እንዳየሁት ነበር ያየኝ። «ለኔ አይሰማም» አለ።

«ያንተ ጆሮ የቦሌ ነው። ነገ ደግመህ ታየዋለህ።»

ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ሌንሴ ጋ ደወለ። «ሌንስዬ፣ ነገ አልመጣም» አላት። «ድምፁ ገና አልጠፋም።»